ቀትር ላይ የምትሞተው ኮሮላ

መኪናዋ ጠዋት ትነሣለች፤ ቀትር ላይ ትሞታለች። በሽታዋ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። «ታዲያ ይህ ምን ይተረካል?» እንዳትሉኝ። ቆዩማ። ይህችን ኮሮላ ከጂቡቲ ወደብ ተረክቦ ቃሊቲ ጉምሩክ ሊያስረክብ የተዋዋለው ሹፌር ነገሩን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ መጨረሴን ቢሰማ ይቀየመኛል። እሱ ሲያወጋው ከሚሌ ተነሥቶ አዋሽ ሲደርስ እንኳ ገና መሃሉ ላይ ነው።

ጊዜው ያገለገለ መኪና እንደ ልብ የሚገባበት ነበር። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ፣ ያ ቁጥር 1186/2012 የሚባለው፣ ገና አልወጣም፤ አሮጌ መኪናም እንደ ኋላው በታክስ አልተደቆሰም። ዱባይና ሻርጃ የተገዛው ሁሉ በመርከብ መጥቶ ጂቡቲ ይራገፋል። ከዚያ ወይ ተሳቢ ላይ ይጫናል፣ ወይ ቅጥር ሹፌር ይይዘውና በዲኪል፣ በጋላፊ፣ በሚሌ አድርጎ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተነድቶ አዲስ አበባ ይገባል። የኛ ሰው ከነዚህ ቅጥር ሹፌሮች አንዱ ነው። ስሙ ይቅርና ጋሼ እንበለው፤ መንገዱ ላይ የሚጠራውም እንደዚያው ነው።

ጋሼ የድሮ ሰው ነው። ሹፍርናን የተማረው አሰብ መንገድ ላይ፣ በፊያት ኤንትሬ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ አሰብ ሲዘጋ የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጂቡቲ ዞረ፤ ጋሼም አብሮ ዞረ። የናፍጣ ሞተርን በጆሮው ነው የሚያክመው። «ሦስተኛው ፒስተን ሰንፏል» ካለ ሰንፏል፤ ከፍቶ ማየቱ ለወጉ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የሚሉት ነገር ግን አይዋጥለትም። «ድምፅ የሌለውን ነገር በምኔ ላምነው?» ይላል።

የመጣችለት መኪና ብርማ ኮሮላ ናት። 1.8 ሊትር ቤንዚን፣ አውቶማቲክ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች። ወረቀቱን ጨርሶ፣ ጊዜያዊ ታርጋውን አስሮ፣ ነዳጁን ሞልቶ ሲነሣ ረፋዱ አልፏል። ባልባላን ሽቅብ ወጥቶ፣ ከባድ መኪኖች የሚሰለፉበት ፒኬ 12 ሳይደርስ፣ ሞተሩ ቀጥ! መንገጫገጭ የለ፣ ማጓራት የለ፣ ቀጥ። ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች።

ሰኔ ነው። ጂቡቲን በሰኔ የሚያውቃት ያውቃታል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይዘልቃል፤ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ጥላውም አይጠለሉበትም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማው ይዘጋል። ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቷል፤ ባለሱቁ ቆልፎ ወደ ምርቃናው ሄዷል፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ማንም ማንንም አይፈልግም። ጋሼም የተዘጋች መኪናው ጎን ቆሞ አሥር ሰዓትን ጠበቀ።

አመሻሽ ላይ ጎትተው አንድ ጋራዥ አስገቧት። መካኒኩ እስኪመጣ ጥላ ሥር ቆማ በርዳለች። «የቤንዚን ፓምፕ ነው» አለ። የኋላ ወንበሩን ነቅሎ ፓምፑን አወጣ፣ ሌላ ከተተ፣ ቁልፍ አዞረ። እንዴታ! ተነሣች። ጋሼ ከፈለ፣ አመሰገነ፣ አደረ። በነጋታው ቀትር ላይ፣ እዚያው አቀበት ላይ፣ ቀጥ።

ሌላ ጋራዥ። «የክራንክ ሴንሰር ነው» ተባለ። ሴንሰሩ እስኪፈታ፣ ምትኩ እስኪፈለግ ፀሐይዋ ጠለቀች። ገጠሙት፤ ተነሣች። ከፈለ። በነጋታው ቀጥ።

ገባችሁ አይደል? ስታርፍ የሚሻላት በሽተኛ ናት። ስለዚህ ማታ ማታ የነካት ሁሉ አዳኟ ይሆናል፤ ሒሳቡን ይቀበላል፤ በነጋታው ቀትር ግን እሱ ቦታው ላይ የለም።

ሦስተኛው ሰው ስካነር ያለው ነው። እሱ እንኳ ዕድል ቀንቶት በሞተችበት ሰዓት ደርሶባታል። ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካ፤ ስካነሩ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር አልነጋገር አለ። «ካልኩላተሩ፣ ኮምፒውተሩ ማለቴ ነው፣ ሞቷል። አዲስ ከዱባይ ይታዘዛል» አለና ዋጋውን በዶላር ነገረው። አንዱ ዶላር ወደ 178 የጂቡቲ ፍራንክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ፈቅ ብሎ አያውቅም። ጋሼ ዶላሩን ወደ ፍራንክ፣ ፍራንኩን ወደ ብር እየመለሰ ሲያሰላ የሙቀቱ ላብ ቀርቶ ሌላ ላብ መጣ።

እዚህ ላይ ለሰውየው ልመስክርለት፤ አልዋሸም። ግን አላጣራም። ፊውዝ የተቃጠለበት፣ ሪሌ ያልያዘለት፣ የኔጋቲቭ ሽቦው የዛገበት ኮምፒውተርም ስካነር አያናግርም። መብራት ያላገኘና የሞተ ኮምፒውተር በስካነር ፊት አንድ ናቸው። በየጋራዡ ጤነኛ ኮምፒውተር እየተነቀለ የሚጣለው፣ አዲሱም ከተገጠመ በኋላ መኪናው ያው የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ጋሼ በዚያ ምሽት የየመን ዓሣ ቤት ተቀምጦ፣ ያን መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ በቀይ በርበሬ የተጋገረውን ዓሣ በቂጣ እየቆረሰ፣ ችግሩን ለአንድ የቦቴ ሹፌር አወራው። ሹፌሩ አፉን ጠራረገና «ለምን የድሬውን ልጅ አታየውም?» አለ።

የድሬው ልጅ ወርክሾፑ መንገድ ዳር የቆመ ኮንቴነር ነው፤ ፊት ለፊቱ መረብ ተወጥሯል፤ ውስጡ ሽቦ፣ የተፈታ ዳሽቦርድና የሬዲዮ ክምር። አማርኛውም ሶማሊኛውም አፋርኛውም ይቀናዋል፤ ፈረንሳይኛውን ለደንበኛ ያህል ያውቃል። ጋሼ የደረሰበትን ሁሉ ሲዘረግፍለት ልጁ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጠዋትስ?»

«ጠዋትማ ምን ወጥቷት! ሙሽራ ናት።»

«እንግዲያው ጠዋት አታምጣት። ስድስት ሰዓት ላይ ና።»

«ከሙቀቱ በፊት ቀደም ብለን ብንጨርስ አይሻልም?»

«አቦ ጋሼ! ደህና መኪና ይዘህ መጥተህ ምን አድርግ ትለኛለህ? ስትታመም አምጣት እንጂ።»

(ድሬ አንቱታ አይሆንላትም፤ ጋሼም ለምዶታል።)

በነጋታው ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ መኪናዋን ከመረቡ ጥላ አስወጥቶ ፀሐይ ላይ አቆማት። መስኮቶቿን ዘጋ፣ ሞተሯን አስነሥቶ ተዋት፣ ሻሂ አዘዘ። ጋሼ በሆዱ «ይኼ ደግሞ ሊገላት ነው» እያለ ነው። ሻሂው ሳያልቅ ሞተሩ ቀጥ አለ። ልጁ ተነሣ፤ ደስ ያለው ይመስላል።

መጀመሪያ ቁልፉን ከፈተና ዳሽቦርዱን አየ። የባትሪው መብራት በርቷል፣ የዘይቱ በርቷል፤ ቼክ ኢንጂን የምትለዋ ቢጫ መብራት ግን ጨለማ ናት። ቁልፍ ሲከፈት እሷ ካልበራች ኮምፒውተሩ አልነቃም ማለት ነው። ይህን ለማየት ስካነር አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ቀጥሎ ቴስተሩን አነሣ። ባትሪው ደህና። የኢኤፍአይ ፊውዝ ደህና። ሪሌው ይይዛል። ከዚያ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ነቅሎ ከበስተኋላው የተደበቀው ኮምፒውተር ጋ ደረሰ። ሶኬቱ ላይ ለካ፤ መብራቱ ይገባል፣ ኔጋቲቩም ንጹሕ ነው።

እንግዲህ የሚገባለት ሁሉ ገብቶለታል። የሚያወጣውስ? ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ 5 ቮልት ይመግባል። ልጁ ያንን ሲለካ የለም። ጋሼ «በቃ ሞቷል በላ!» አለ። ልጁ እጁን አወዛወዘ። ከሴንሰሮቹ አንዱ ሾርት ካደረገ ያንን 5 ቮልት ጎትቶ ይጥለዋል፤ ጤነኛው ኮምፒውተርም የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ በነቀለ ቁጥር እየለካ ሄደ። 5ቱ ቮልት አልተመለሰም። ያኔ የካቻቢቴውን እጀታ አዙሮ የኮምፒውተሩን ጀርባ ቀስ አድርጎ ነካ ነካ አደረገው። ቢጫዋ መብራት ብልጭ አለች። ደገመ፤ ጠፋች።

«አሁን ጥፋተኛው እሱ ነው» አለ።

ይህ የመጽሐፍ መጠን ያለው የአሉሚኒየም ሳጥን ሥራው ምን መሰላችሁ? ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር፣ አራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ እሳት ይፈልጋሉ። እያንዳንዱ እሳት መቼ ይለኮስ፣ ቤንዚኑ ምን ያህል ይረጭ የሚለውን የሚወስነው ይኸው ሳጥን ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነችም ማርሹን የሚያስቀይራት እሱ ነው። ጅማሬው ግን ትሑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ ለቮልስዋገን 1600 በሠራው የቤንዚን መርጫ ውስጥ የነበረው ሳጥን ጥቂት ትራንዚስተሮች ብቻ ነበሩት። ዛሬ አንድ መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን በደርዘን ይቆጠራል፤ ፍሬኑ የራሱ፣ መሪው የራሱ፣ በሩ ሳይቀር የራሱ አለው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሎ በኤሌክትሪክ መኪና ሲተካማ፣ ካርቡራተር በአፉ ነፍቶ ላደገ ሹፌር ምን እንደቀረለት እንጃ።

ወደ ነገራችን። ልጁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ሳጥኑን አወጣና ገለበጠው። ሊከፍተው ካቻቢቴ ሲያነሣ እጁ ቆመ። የክዳኑ ጠርዝ በቢላ ተፈልቅቆ፣ በገበያ ሲሊኮን ተለስኗል።

«ጋሼ፣ ከኛ በፊት የገባበት አለ።»

ከፈተው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ የፋብሪካው ብየዳ ያው የፋብሪካ ነው፤ ትንንሽ፣ እኩል፣ የሚያበራ። አንዱ ጥግ ላይ ግን ሌላ እጅ ያረፈባቸው ነጥቦች አሉ፤ ሊዱ ጓጉሏል፣ ዙሪያው ከካውያው ሙቀት የተነሣ ጠቁሯል። ከነዚያ በአንዱ ዙሪያ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ክብ ሠርቶ ይታያል። ሰሌዳው፣ መዳቡና ሊዱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። ቀትር ላይ ሲለጠጡ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ማታ ሲሰበሰቡ ይገጥማል። ጋሼ መነጽሩን ተቀብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

ልጁ አላበቃም። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ በግራ ጥግ የተጻፈችውን የሻንሲ ቁጥር በስልኩ ላይ ጻፈ። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ናት፤ በ2ቲ1 ትጀምራለች። ይህ ማለት ኮሮላዋ ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ ኬምብሪጅ በሚባል ከተማ የተሠራች ናት። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ማንም ሰው የሻንሲ ቁጥር አስገብቶ መኪናው ያልተፈጸመ የፋብሪካ ጥሪ እንዳለበት የሚያይበት ድረ ገጽ ከፍቷል። ባልባላ መንገድ ዳር የተቀመጠ ልጅም ያየዋል። ስልኩ ተንቀራፈፈ፣ አሰበ፣ መለሰ፤ አንድ ጥሪ አለባት። አልተፈጸመም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 2010 ቶዮታ ከ2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ፣ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የተሸጡ ወደ 1.13 ሚሊዮን ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና መልሶ ጠራ። ምክንያቱ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ በአንዳንዶቹ ሰሌዳ ላይ፣ በብየዳ ነጥቦች ወይም ሰርኪዩቱን በሚጠብቅ አንድ ዕቃ ላይ፣ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል ተባለ። ሲፈጠር መኪናው ላይነሣ፣ ማርሽ ሲቀይር ሊያንገጫግጭ፣ እየሄደ ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱም ተነገረ፤ ባለቤቱ የቶዮታ ወኪል ዘንድ ይምጣ፣ ኮምፒውተሩ በነፃ ይቀየርለታል። ደብዳቤ ለየባለቤቱ ተላከ።

ለየባለቤቱ! ግን ባለቤት ማነው? የመጀመሪያው ሸጦ ሄዷል፤ ሁለተኛው ደብዳቤውን ከማስታወቂያ ጋር ጥሎታል፤ መኪናዋ በጨረታ ወጥታ፣ ኮንቴነር ገብታ፣ ባሕር ተሻግራለች። ደብዳቤው ባሕር አይሻገርም። በመካከል አንድ ቦታ ላይ መኪናዋ ስትጠፋበት፣ ሳይታወቅ ቶሎ ሊሸጣት የፈለገ ሰው፣ በነፃ የሚቀየረውን ሳጥን በካውያ ነካክቶ አለፋት። እኔን የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። አንድ ዕቃ ፋብሪካ ላይ መበላሸቱ ያለ ነው፤ ፋብሪካውም አምኖ ጠርቶታል። ችግሩ ያ ጥሪ ከመጀመሪያው ገበያ አለመውጣቱ ነው። አፍሪካ የሚነዳው ሦስተኛና አራተኛ እጅ መኪና በብዛት ጥሪው የማይሰማው መኪና ነው።

ልጁ የተጓጎለውን ሊድ አንሥቶ እንደገና በየደው። ገጠመው፤ ቀትር ላይ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ፣ ተነሣች። ጋሼ ቦርሳውን አነሣ።

«የት ልትሄድ?»

«ጋላፊ ነዋ!»

«በዚህማ አትሄድም። ያ ሰውዬ በካውያው ሰሌዳውን አቃጥሎ የመዳቡን ንጣፍ አላቆታል። እኔ ሽቦ ዘርግቼ ነው ያገናኘሁት። እዚህ ከተማ ውስጥ ይሠራልሃል። አፋር በረሃ መሃል ቢለቅ ማንን ልትጠራ ነው?»

ጋሼ ተከራከረ፣ ተበሳጨ፣ ተቀመጠ። ከዚያ አብረው ያገለገለ ኮምፒውተር ፍለጋ ወጡ። አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎቹ ዘንድ ኮሮላ መቼም አይጠፋም። የመጀመሪያው ሳጥን መልኩም ሶኬቱም አንድ ነው፤ ቁጥሩም ብዙ የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተሮች በሚጀምሩበት 89661 ይጀምራል። ነጋዴው «ያው ነው!» ብሎ ማለ። ልጁ ከሰረዙ በኋላ ያሉትን ቁጥሮች አይቶ መለሰለት፤ የእጅ ማርሽ መኪና ሳጥን ነው። እሱ ቢገጠም ሞተሩ ይነሣ ይሆናል፤ አውቶማቲኩን ካምቢዮ ግን የሚያዘው አያገኝም። ሌላ ዘንድ ሄዱ። የተገኘው ሁለተኛው ከተጋጨች ኮሮላ የወጣ ነው፤ ለአውቶማቲክ ነው፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ከጥሪው በኋላ በምትክነት የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። ይህችኛዋ ባለቤት ደብዳቤውን አንብባ ነበር ማለት ነው። ጋሼ በፍራንክ፣ ነጋዴው በዶላር፣ ልጁ በሶማሊኛ ተከራክረው ተስማሙ።

ኮሮላዋ ኢሞቢላይዘር አልነበራትም፤ ይህ ዕድሏ ነው። ቢኖራት የባዕድ ኮምፒውተር ቁልፏን አያውቀውም፤ ሞተሩ ቢነሣም ወዲያው ያጠፋዋል። ለብዙ ቶዮታዎች መላው አለ፤ ከመሪው ሥር ባለው የስካነር ሶኬት ላይ 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ፣ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተር ሳያስነሡ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት አዲሱ ኮምፒውተርና የቁልፉ ጠባቂ ይተዋወቃሉ። ልጁ ይህን ሲያደርግ ያዩ ደንበኞች ተኝቶ ገንዘብ የሚበላ ይመስላቸዋል፤ እሱም አልፎ አልፎ እውነት ይተኛል።

መግጠሙ ረጅም ታሪክ የለውም። ኔጋቲቩ እንደተፈታ ሳጥኑ ተቀመጠ፣ ሶኬቶቹ ቀጭ ብለው ተቆለፉ፣ ኔጋቲቩ ታሰረ፣ ቁልፉ ተከፈተ። ቢጫዋ መብራት በራች። ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ አለ፤ አዲሱ ኮምፒውተር የዚህችን ሞተር አየር አሳሳብ ገና መማሩ ነው፤ ሲሞቅ ረጋ። ልጁ ግን አላመነም። በነጋታው ስድስት ሰዓት ላይ እንደገና ፀሐይ ላይ አቆማት፣ መስኮቷን ዘጋ፣ ሻሂ አዘዘ። ሻሂው አለቀ፤ ሁለተኛ ታዘዘ፤ አለቀ። ሞተሩ አሁንም ይሠራል። ጋሼ ኮፈኑ ላይ ጆሮውን ደግኖ ቆሞ ነበር። «አራቱም ይሠራሉ» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

በሌሊት ተነሥቶ በጋላፊ ወጣ። ሚሌ ኬላ ላይ ወረቀቱ ታየ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ተመሳከረ፤ ቃሊቲ በሰላም ገባች። አሮጌውን ኮምፒውተር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ነበር፤ ያለ ማስረጃ ገንዘብ የሚመልስ ባለቤት አላየሁም ባይ ነው።

ባለቤቱ ፌስታሉን ፈትተው ሳጥኑን ገለባብጠው አዩት።

«ይህቺ ናት መኪና የምታቆመው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ሬዲዮ ትመስላለች።»

ጋሼ ያቺን ስንጥቅ አሳያቸው፤ በመነጽር ካልሆነ አትታይም፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አልታየቻቸውም፤ ግን «እሺ» ብለው የኮምፒውተሩንና የድሬውን ልጅ ሒሳብ ቆጥረው ሰጡት። የክራንክ ሴንሰሩንም፣ ፊታቸውን እያጨማደዱ፣ ግማሹን ከፈሉ። ፓምፑን ግን እምቢ አሉ። «የነበረው ፓምፕ ምን ሆነ? ጤነኛ ነበር አላልክም?» አሉት። እውነት ነው፤ ጤነኛ ነበር፤ አሮጌውን ፓምፕ ደግሞ ጋሼ አላመጣውም፤ የመጀመሪያው ጋራዥ ቀርቷል። በዚህ ተከራክረው ተለያዩ። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ሌሎች መኪኖች አምጥቶላቸዋል፤ የፓምፑ ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም።